የይመኙሻል አቼቶ ያለቀ ጊዜ

አንድ ሰው ነበረ። ሚስቱ ሞታበት ብቻውን የሚኖር ሰው። በጾም ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ አንድ ባዶ ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ያያል።

ምን ያያል? ጠርሙሱ ባዶ መሆኑን ያውቃል። ትናንትም ባዶ ነበር። እሱ ግን ያጋድለዋል። ከሥሩ የተረፈች ጠብታ ካለች ወደ ጠርሙሱ አፍ እስክትወርድ ይጠብቃል። ጠብታ የለችም። መልሶ ያቆመዋል። ቆይቶ ደግሞ ያጋድለዋል።

ወገኖቼ፣ ባዶ መሆኑን እያወቃችሁ የምታጋድሉት ጠርሙስ እናንተ ቤት የለም?

የሰውየውን ነገር ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ጎረቤቶቹ ጋሽ ዳምጠው ይሉታል። ዕድሜውን የፈጀው በአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ ዝናብ ሲለካ ነው። ጠዋት ጠዋት ከማጠራቀሚያው ያለውን ውሃ ቀጭን ብርጭቆ ውስጥ ይገለብጣል። ከዚያ ጎንበስ ይላል፤ ዓይኑን ከውሃው ጋር እኩል ያደርጋል፤ ያነብባል። ከላይ ሆኖ ያየ ይሳሳታል። ከታች ሆኖ ያየም ይሳሳታል። ጋሽ ዳምጠው ግን ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው ነበረ። ጡረታ ሲወጣ አፉ ሸረፍ ያለ፣ ከአገልግሎት የወጣ አንድ የመለኪያ ብርጭቆ ሰጡት። እስከ ዛሬ ወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አለ።

ሚስቱ ይመኙሻል ትባል ነበር። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። ሁለት ሆነው ኖሩ፤ ሁለት መሆናቸውም በቂያቸው ነበረ። ይመኙሻል የምትታወቀው በአዚፋዋ ነው። እናቶች አዚፋ ታውቃላችሁ። ድፍን ምስር ይቀቀላል፤ ሲበርድ ገፋ ገፋ ይደረጋል፤ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የተፈጨ ስናፍጭ ይገባበታል። ዘይትና ጨው። መጨረሻ ላይ የሚያኮመጥጠው ነገር ይመጣል። ያን የሚያኮመጥጠውን ነገር ሰው እንደ ቤቱ ይለያያል። አንዱ ሎሚ ይላል፣ አንዱ የሱቅ አቼቶ ይላል። ይመኙሻል ግን ከጠጅ የተረፈውን ጠርሙስ ውስጥ ታስቀምጠውና ጊዜ ሰጥታ የራሷን አቼቶ ታወጣለች። ቀለሙ የሻይ ነው። ሲሸቱት መጀመሪያ ማሩ ይመጣል፣ ኮምጣጣው ኋላ።

ኮምጣጤ ስላችሁ ልባችሁ ወደ ዕለተ ስቅለት እንዳይሮጥ። ዛሬ የማወራው ስለ ወጥ ቤት ነው።

ይመኙሻል ስታርፍ ጠርሙሱ ግማሽ ነበረ። ጋሽ ዳምጠው ሐዘን ተቀምጦ ከተነሣ በኋላ አዚፋ መሥራት ጀመረ። ብዙ ሲያያት ስለነበር አሠራሩ አልጠፋበትም። ከጠርሙሷ በመለኪያው ብርጭቆ እየቀዳ፣ ጎንበስ ብሎ እያነበበ ይጨምራል። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የሷ አቼቶ እያለም አዚፋው የሷን አልሆነለትም ነበር። እሱ ግን ያንን በሐዘኑ አሳበበ። ያዘነ ሰው አፉ ምን ይለያል ብሎ ተወው።

ይህችን ነገር ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

አቼቶው አለቀ። ያን ጊዜ ነው ሰውየው የደነገጠው። ለምን መሰላችሁ? ሰው ሲሞት ባንድ ቀን አይሄድም። መጀመሪያ የሄደው ድምጿ ነው፤ አንድ ጠዋት «ዳምጤ» ስትለው እንዴት እንደነበር ሊያስታውስ ሞክሮ አልመጣለትም። ቀጥሎ የነጠላዋ ጠረን ሄደ። የቀረው የእጇ ጣዕም ነው። እሱም ከሄደ ይመኙሻል ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ፎቶግራፍ ብቻ ልትሆን ነው። ስለዚህ ምትክ ፍለጋ ወጣ። የፈለገው የአቼቶ ምትክ አልነበረም ወገኖቼ። ሚስቱን ለሁለተኛ ጊዜ ላለመቅበር ነው የወጣው።

መጀመሪያ የሄደው ከድር ሱቅ ነው።

«ከድር፣ አቼቶ አለህ?»

«ሞልቷል ጋሼ። ነጭ አለ፣ ቀይ አለ።»

«የማር ጠረን ያለው ነው የምፈልገው።»

«የማር?» ከድር ሣቀ። «ጋሼ፣ አቼቶ እኮ ነው። ማር ከፈለግህ ማር አለኝ።»

ነጩን ገዛ። ነጩ ጉሮሮ ቧጠጠው። ቀዩን ገዛ። ቀዩ ምስሩን ከማቅላት በቀር ነገር አልጨመረም። ቀጥሎ ሎሚ። ሎሚ መልካም ነው፤ አፍ ላይ ብልጭ ይልና ግን ይጠፋል፣ የይመኙሻል ደግሞ ይቆይ ነበር። ከጠላ ሻጭ ቤት የኮመጠጠ ጠላ አስቀዳ፤ አዚፋው ጌሾ ጌሾ አለ። ያንዲት ዘመድ ምክር ሰምቶ የእርሾ ውሃ ሞከረ፤ አዚፋው እንደ ሊጥ ሆነ። ጠጅ ገዝቶ፣ አፉን በጨርቅ አስሮ ራሱ ሊያኮመጥጥ አስቀመጠ፤ ሻገተበት። ሁሉንም ለካ። ሲለካ አንድም ቀን አልሳተም። ሲበላው ግን ሁሌም ስቶ ያገኘዋል።

ሲበላው ስላችሁ፣ መቼ እንደሚበላው ልብ በሉ። ጋሽ ዳምጠው ጿሚ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አፉ ላይ ነገር አያደርስም፤ ማንኪያ ጫፍ እንኳ አይልስም። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ በጾም ወጥ የሚሠራ ሰው ሳይቀምስ ነው የሚሠራው። ቀትር ላይ ለክቶ ያዋህዳል፤ ከድኖ ያስቀምጣል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይከፍታል። ያን ጊዜ ለምን አያስተካክለውም ትሉኝ ይሆናል። ሞክሯል። ግን የኮመጠጠው አይወጣም። ደግሞም ሲጾም የዋለ ምላስ ዳኛ አይሆንም፤ የመጀመሪያው ጉርሻ ሁሉ ይጣፍጠዋል፣ ስሕተቱን የሚያውቀው ሳህኑ ሊያልቅ ሲል ነው።

ይበላዋል ታዲያ። የእግዚአብሔር በረከት አይደፋም። በሩን ዘግቶ፣ ሬዲዮ ከፍቶ፣ ያልሆነለትን አዚፋ ብቻውን ይጨርሰዋል። ሳህኑን አጥቦ ወደ መስኮቱ ይሄድና ሰማዩን ያያል። የሥራ ልማድ ነው። «ዛሬ አይዘንብም» ይላል፣ ወይም «ማታ ያካፋል» ይላል። ለማን? ለተዘጋው በር። ትክክል ነው ብዙ ጊዜ። ትክክል መሆኑን ግን የሚያውቅለት የለም።

አሁን ከግድግዳው ወዲያ እንሻገር።

ጋሽ ዳምጠው ከጎረቤቱ ጋር አንድ ስስ ግድግዳ ይጋራል። ከወዲያ ያለችው ሙሉሸዋ ትባላለች፤ ሹራብ እየሠራች የምትተዳደር፣ እሷም ብቻዋን ያለች ሴት ናት። ይመኙሻል በሕይወት ሳለች በጾም ቀን ምስሯን አሰናድታ፣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ወደዚያ ቤት ትሄድ ነበር። ጋሽ ዳምጠው ከወዲህ ሆኖ ሹክሹክታ ይሰማል። ከዚያ የሙሉሸዋ ድምፅ «በቃ በቃ!» ይላል። ከዚያ የሁለቱ ሣቅ። ከዚያ ይመኙሻል ትመለሳለች።

«አንቺ ደግሞ ሥራ ፈተሽ ወሬ ፍለጋ?» ይላታል።

«አዎና! ትኩስ ትኩሱን ነው ያመጣሁልህ» ትለዋለች፤ ወደ ምስሯ ትዞራለች።

በለቅሶው ሰሞን ሙሉሸዋ ስትመጣ ሰነበተች። ለቅሶው ካበቃ በኋላም አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ «ጋሼ፣ የጎደለህ ነገር ካለ…» አለችው። እሱ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ምንም አልጎደለኝም» አላት። ክፉ አላናገራትም። በጨዋ ደንብ ነው የመለሰላት። እሷም በጨዋ ደንብ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲያ አልመጣችም።

ስንቶቻችን ነን በጨዋ ደንብ በር የዘጋን?

አንድ ዐርብ ቀን እንዲህ ሆነ። ጋሽ ዳምጠው ሁሉን ሞክሮ ሁሉን ጥሎ ወደ ሎሚ ተመልሷል። ይህ የመጨረሻዬ ነው ብሎ ለራሱ ተናግሯል። ዛሬም ካልሆነ አዚፋ ሁለተኛ አይሠራም፤ ዳቦ በሻይ ይበላል፤ የሷንም ጣዕም እንደ ድምጿ ይተወዋል። ምስሩን ገፋ፣ ስናፍጩን አዋሐደ፣ ሎሚውን ቆረጠ። ሎሚው ውስጡ ደርቋል። ጨመቀው፤ ብርጭቆው ላይ አንዲት መሥመር እንኳ አልሞላም። ከድር ሱቅ ወረደ። ዐርብ ቀትር ነው፤ ከድር ለጁምዓ መስጊድ ሄዷል፤ ሱቁ ዝግ ነው።

ተመለሰ። ወጥ ቤቱ መሐል ቆመ። ባዶውን ጠርሙስ አንሥቶ ወደ ብርሃኑ ያጋደለው ይሄን ጊዜ ነው። ከዚያ ዓይኑ ወደ ግድግዳው ሄደ። አንድ ሎሚ መዋስ ምን ነውር አለው? ወጣ፤ ምስሩን ሲያማስልበት የነበረውን ማንኪያ አላስቀመጠውም፣ በእጁ እንደያዘ የሙሉሸዋን በር አንኳኳ።

ሙሉሸዋ ከፈተች። አየችው። ማንኪያውን አየች። እሱ አፉን ሳይከፍት፣ ጸበል እንደሚቀበል ሰው መዳፏን ዘረጋች፤ ዓይኗንም ጨፈነች።

ጋሽ ዳምጠው ግራ ገባው። «ምነው ሙሉሸዋ፣ አመመሽ እንዴ?»

ዓይኗን ገለጠች። «ውይ!» እጇን ሰብስባ ቀሚሷ ላይ ጠረገችው። «ይቅርታ ጋሼ። ማንኪያውን ሳየው እጄ ራሱ ሄደ። ልማድ ነው።»

«የምን ልማድ?»

«አልነገረችህም?»

«ምኑን?»

ሙሉሸዋ በሩን ተደገፈች። «አይ ይሜ! የኔን ገመና እንደያዘች ሄደች» አለች። «ስኳር አለብኝ ጋሼ። መርፌዬን ተወግቼ ባዶ ሆዴን መዋል አልችልም። የነፍስ አባቴ ጠዋት ብዪ ብለውኛል። ፈቅደውልኛል፤ ግን ግቢው ሁሉ እየጾመ መብላት ጭንቅ ነው። በሬን ዘግቼ፣ ማንኪያው ከሳህኑ ጋር እንዳይጋጭ እየተጠነቀቅሁ ነበር የምበላው። ለካ ይሜ ከግድግዳው ወዲያ ሆና ሰምታኛለች። ምንም አላለችኝም። በማግስቱ አንኳኳች፤ ማንኪያ ይዛ። ‹ሙሉዬ፣ እኔ እስከ ዘጠኝ መቅመስ አልችልም። ምላስሽን አውሺኝ› አለችኝ። መዳፌ ላይ ጠብ አደረገችልኝ። ቀመስኩላት። ከዚያ ቀን ወዲህ በጾም ያለኔ ቃል ጨው አልጨመረችም። ያፈርኩበትን በሽታ ሥራ አደረገችልኝ፣ ገባህ?»

ጋሽ ዳምጠው ማንኪያውን ያዟዙረው ጀመር።

«እኔ ወሬ ፍለጋ ነው የምትሄደው እላት ነበር» አለ።

«ትነግረኝ ነበር። ‹ወሬ ቃራሚ ተባልኩልሽ› እያለች ትሥቅ ነበር።»

«አንድ ጊዜ እንኳ እውነቱን አልነገረችኝ!»

«እኔ አትንገሪ ስላልኳት ነዋ።»

እሱ የመጣበትን አስታወሰ፤ ስለ ጠርሙሱ ነገራት። ነጩን፣ ቀዩን፣ ጠላውን፣ እርሾውን፣ የሻገተውን ጠጅ ተራ በተራ ነገራት። «ያንን አቼቶ የሚተካ አጣሁ» አለ።

«የቱን አቼቶ?»

«የጠርሙሱን ነዋ! የይመኙሻልን።»

ሙሉሸዋ ሣቀች፤ ሣቋን ግን ወዲያው አፈነችው። «ጋሼ፣ ያ ጠርሙስ ስንቴ ባዶ ሆኖ ተቀምጧል! በሎሚ ሠርታለች። ከከድር ሱቅ አቼቶ እኔው ገዝቼላታለሁ። አንዴማ ሁሉም ጠፍቶ የኮመጠጠ ጠላ አድርገንበታል። ሲያንስ ጨምሪ፣ ሲያቃጥል ምስር መልሺበት፣ ሲበዛ ዘይት ጠብ አድርጊ እላታለሁ። እስኪሆን ድረስ አልለቃትም ነበር። አንተ ‹እንደ ሚስቴ አቼቶ የለም› ትል ነበር አሉ። እሷም ‹እውነቱን ነው› ብላ ዝም።»

ያ ዝናብ ሲለካ የኖረ፣ ከላይም ከታችም የማይሳሳት ሰው፣ ስንት ዓመት አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ምን እየበላ እንደነበር አላወቀም። ጎንበስ ብሎ ያየው ብርጭቆውን ብቻ ነበረ።

«ሳህኑን አምጣው» አለችው ሙሉሸዋ።

አመጣ። መዳፏን ዘረጋች። ጠብ አደረገላት። ላሰችና ፊቷን አጨማደደች።

«ኧረ ጋሼ! ይኼ ስናፍጭ አፍንጫዬን ሊነቅለው ነው! ማንን ልትገድል ነው?»

«በመለኪያ ነው የጨመርኩት።»

«መለኪያህን ለዝናብ ተውለት። እንካ ሎሚ። በእጅህ ጭመቀው። ትንሽ። አሁን ምስሩን አገላብጥ። አምጣ ልቅመስ። ጨው አንሷል። ቆይ ቆይ፣ በጣትህ ጫፍ! አምጣ። እም… አንዲት ጠብታ ሎሚ። በቃ በቃ!»

ጋሽ ዳምጠው እጁ አየር ላይ ቀረ። ያን «በቃ በቃ» ያውቀዋል። ከግድግዳው ወዲህ ሆኖ ዕድሜ ልኩን ሰምቶታል። የወሬ ማብቂያ ሲመስለው ኖሯል፤ ለካ የምሳው ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቀመሰው። የይመኙሻል ጣዕም ሆነ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልሆነም። የይመኙሻል እጅ የለበትም፤ ከእንግዲህም አይኖርበትም። ግን አልሳተም። ሲጎርሰውም ሳህኑ ሊያልቅ ሲልም እኩል ነበረ። ለሙሉሸዋ በሌላ ሳህን አቀረበላት። እሷ በሷ ደጃፍ፣ እሱ በሱ ደጃፍ ተቀምጠው በሉ፤ ሁለቱም በሮች ተከፍተው። መሐል ላይ እንባው መጣ፤ በስናፍጩ አሳበበ። እሷም አመነችለት።

ከበሉ በኋላ ሙሉሸዋ ሹራቧን አነሣችና ወደ ሰማዩ አየች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ይዘንባል እንዴ? ልብስ አስጥቻለሁ።»

ጋሽ ዳምጠው ተነሣ። ምዕራቡን አየ፤ ነፋሱን በፊቱ ላይ ጠበቀ፤ ጊዜ ወሰደ። ይህን ሁሉ ጊዜ ያልተጠየቀው ጥያቄ ነውና በደንብ ሊመልሰው ፈለገ።

«ማታ ያካፋል» አለ። «አስገቢው።»

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር አሁን መልሱልኝ። የሷ አቼቶ እያለስ አዚፋው ለምን አልሆነለትም? ጠርሙሱ ግማሽ እያለስ ለምን ሳተ? የጎደለው ከጠርሙሱ ውስጥ ስላልነበረ ነዋ። እሱ ግን ጠርሙስ በጠርሙስ ለወጠ። ነጩን በቀይ፣ ቀዩን በሎሚ፣ ሎሚውን በጠላ። አንድ ነገር ብቻ አልለወጠም፤ የተዘጋውን በር።

እናንተስ ምን እየለወጣችሁ ነው? ያ የሞተባችሁ፣ ያ የተለያችሁ ሰው የነበረበትን ቦታ በምን ልትሞሉት እየሞከራችሁ ነው? ቤት ቀየራችሁ። ሥራ አበዛችሁ። ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረጋችሁ። ሁሉንም ለካችሁ፣ ልካችሁም ትክክል ነበረ። ሲቀመስ ለምን ሳተ? ማን ቀመሰላችሁ?

ለሞተ ሰው ምትክ አለ ብዬ አላታልላችሁም። የለም። ጋሽ ዳምጠውም አላገኘም፤ ሙሉሸዋም ምትክ አልሆነችም፣ ራሷን ሙሉሸዋን ነው የሆነችው። ነገር ግን የምታዝኑላቸው ሰዎች ብቻቸውን የቆሙ አልነበሩም። የወደዳችሁት ደግነት የሆነ በር አንኳክቶ፣ የሆነ ሰው መዳፍ ላይ ነጥቦ ነበር ወደ ማዕዳችሁ የሚመጣው። ያ ሰው ዛሬም ከግድግዳው ወዲያ አለ። እጁ ማንኪያውን አልረሳም።

ደግሞም ከመሐላችሁ ሙሉሸዋ የሆናችሁ አላችሁ። አውቃለሁ። ባፈራችሁበት ድካም በር ዘግታችሁ፣ ድምፅ ላለማሰማት እየተጠነቀቃችሁ የምትበሉ። ማንም የማይፈልገን ነን ብላችሁ የተቀመጣችሁ። እናንተ የማትችሉት ነገር እንዳለ ሁሉ፣ ሌላው የማይችለውንና እናንተ ብቻ የምትችሉትን አስቡት። ጿሚው መቅመስ አይችልም። እናንተ ትችላላችሁ። ይመኙሻል ይህን አየች። ጎንበስ ብላ ያየችው እሷ ነበረች።

ዛሬ ቤት ስትገቡ ባዶውን ጠርሙስ አታጋድሉት። አስቀምጡት፤ መታሰቢያ ይሁን። ማንኪያውን አንሡ። ምክንያት ካስፈለጋችሁ ሎሚ ልዋስ ብላችሁ ሂዱ። አንኳኩ። ምናልባት አፋችሁን ሳትከፍቱ መዳፉን የሚዘረጋላችሁ ሰው አለ፤ ስትዘገዩበት ሲጠብቅ የኖረ።